የጋሼ ሙሔ የእንግዶች ደብተር

ጋሼ ሙሔ ማረፋቸውን የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ መናኸሪያው አጠገብ ስንደርስ፣ ፊቱን ሳያዞር «ያ እናንተ ኮሌጅ የሚሠራው ሬዲዮ ጠጋኙ ሙሔ ሱብሒ ላይ አረፈ አሉ። ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው» አለኝ። የቲማቲም ዋጋ የሚነግረኝ ነው የሚመስለው። «እዚሁ አውርደኝ» ብዬው የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ ባጃጁ ውስጥ ደግሞ ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች ነበሩ።

ሙሉ ስማቸው መሐመድ ይመር ነው። እኛ አገር መሐመድ የተባለ ሁሉ ሙሔ ነውና ለከተማው ሙሔ፣ ለኛ ለሥራ ባልደረቦቻቸው ጋሼ ሙሔ ነበሩ። እኔ ጥሩወርቅ እባላለሁ፤ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የዲኑ ጸሐፊ ነኝ። እሳቸው የጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ከዚያ በፊት ገበያው ዳር ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። ዲፕሎማ የላቸውም። ዲፕሎማ ያላቸው የኮምፒውተር መምህራን ግን ነገር ሲጠፋቸው ግራና ቀኝ አይተው፣ ኮሪደሩን ተሻግረው የሳቸውን በር ያንኳኳሉ። ይህን የማውቀው በሬ ከበራቸው ፊት ለፊት ስለሆነ ነው፤ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ዓይኔ በር ላይ ነው።

ቀጭን፣ ዝግ ያሉ፣ እስክሪብቷቸውን ከጆሯቸው ኋላ የሚሰኩ ሰው ነበሩ። ኮምፒውተሩን ሊያዝዙ ሲሉ ጣታቸውን ከፍ አድርገው «ቢስሚላህ» ይሉና ቁልፉን ይጫናሉ። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ማሽኑ እስኪጨርስ አይነኩትም። እኔ እንደምደበድበው አይደበድቡም። «ሥራውን ሰጥተሽዋል፤ አሁን ተራው የሱ ነው» ይሉኛል።

ስህተት ሲመጣባቸው ደስ የሚላቸው ሰው እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት። ማሽኑ እምቢ ብሎ ቀይ ጽሑፍ ሲደረድር ሌላው ይሳደባል፣ እሳቸው ግን ወንበራቸውን ጠጋ ያደርጋሉ። «ስህተት እንግዳ ነው» ይሉ ነበር። «በር ላይ አቁመሽ አትመልሽውም። አስቀምጠሽ ከየት እንደመጣ ትጠይቂዋለሽ፤ ከዚያ አክብረሽ ትሸኚዋለሽ።» አባባል ብቻ አልነበረም። ባለ ጠንካራ ሽፋን ትልቅ ደብተር ነበራቸው፤ ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የእንግዶች ደብተር» ተብሎ ተጽፎበታል። እያንዳንዱን ስህተት በእንግሊዝኛው ፊደል በፊደል ይገለብጡና ከሥሩ በአማርኛ ሦስት ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ከየት መጣ፣ ማን አስገባው፣ ማን ሸኘው። ይህን ሳይጽፉ አንድ ቁልፍ አይነኩም።

ሌላው ልማዳቸው ከልጅነታቸው የመጣ ነው። ቁርአን ቤት ሳሉ የሚጽፉት በእንጨት ሰሌዳ፣ በሉህ ላይ ነበር። የጻፈውን ሸምድዶ የጨረሰ ተማሪ ሉሁን አጥቦ ቀጣዩን ይጽፋል። ሲጽፍ አንዲት ፊደል የተሳሳተ ግን ያቺን ብቻ ፍቆ ማስተካከል የለም፤ ሼኻቸው ሙሉውን ሉህ አሳጥበው ከቢስሚላህ ያስጀምሯቸው ነበር። ጋሼ ሙሔ ኮምፒውተር ላይም እንዲሁ ነበሩ። መሐል ላይ የተበላሸ ሥራ አይደርቱም። ሁሉን ያጠፉና «በል ሉሁን አጥበናል» ብለው ከመጀመሪያው መስመር ይነሳሉ።

አሁን ወደዚያ ሳምንት ልግባ።

ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ስልክ ለወሬ ይሠራል፣ ሌላ ነገር የለም። ከሐይቅ ወደ አምባሰል የሚወስደውም መንገድ ተዘግቷል፤ በመኪናም በእግርም ማንም አያልፍም። ኮሌጃችን ደግሞ አምባሰል ውስጥ ቅርንጫፍ አለው። እዚያ ሠላሳ ስምንት ሠልጣኞች የብቃት ምዘና ለመፈተን መመዝገብ ነበረባቸው። መዛኞቹ መንገዱ ሳይዘጋ ሐይቅ ገብተው ተቀምጠዋል፤ ምዝገባው አርብ አስር ሰዓት ይዘጋል። እስከዚያ የያንዳንዱ ልጅ ፎቶና ማስረጃ ካልደረሰ ዓመት ሙሉ ይቀመጣሉ። ስም በስልክ ይነበባል፤ ፎቶና ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዴት ይነበባል? የቅርንጫፉ ሬጅስትራር እንድሪስ በቀን አምስት ጊዜ እየደወለ «እህት ጥሩዬ፣ ልጆቹ በሬ ላይ ተኮልኩለዋል፤ ምን ልበላቸው?» ይለኛል።

መፍትሔ አለ ያሉት ጋሼ ሙሔ ናቸው። ሁለቱን ግቢ የሚያገናኝ፣ ተራራው ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የሬዲዮ አንቴና ድሮ ተተክሎ ነበር፤ ለኢንተርኔት ባይሆንም ለኛ ለኛ ይሆናል። ችግሩ መብራት ነው። በፈረቃ ስለነበር እኛ ጋ ሲኖር እነሱ ጋ የለም፣ እነሱ ጋ ሲመጣ እኛ ጋ ይጠፋል። «ስለዚህ ፖስታ ቤት ያስፈልገናል» አሉ ለዲኑ። «ኢሜይል ሰርቨር። በባትሪ ቀን ከሌት የማይተኛ አንድ ማሽን። እነሱ መብራት ሲያገኙ ደብዳቤያቸውን እዚያ ይጥላሉ። ደብዳቤ ተቀባዩ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ጥቅሙም ይኸው ነው።»

ባትሪው የሚችለው አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነበር። የኔ ላፕቶፕ። ሲወስዱብኝ አኮረፍኩ፤ ሁለት ቀን ሰላምታቸውን በአፍንጫዬ ነው የመለስኩት።

ውስጡን አጽድተው ሌላ ስርዓት ጫኑበት። የሰርቨሩን ፕሮግራም ግን ተዘጋጅቶ አላገኙትም፤ የተዘጋጀው የሚወርደው ከኢንተርኔት ነው። እሳቸው ያላቸው ደሴ ያለ ወዳጃቸው የሰጣቸው ሲዲ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ፕሮግራሙ ሳይሆን ሶርስ ኮዱ ነው፤ ሰው እንደጻፈው ያለ። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሌላው ዱቄት ይገዛል፤ እኛ የደረሰን ስንዴው ነው። ፈጭተን ነው የምንበላው» አሉኝ። ያ መፍጨቱ ኮምፓይል ማድረግ ይባላል። በዚያ በደከመ ላፕቶፕ ደግሞ አንዱ ፍጨታ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ሰኞ ጀመሩ። ከሲዲው ጋር የመጣውን መመሪያ መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት፤ ቁጭ ብለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ። ዲኑ በበሩ ሲያልፍ «ገና ማንበብ ላይ ነዎት?» አላቸው። «ያልተነበበ ወረቀት ኋላ ይጠይቃል» አሉት። የዚያን ዕለት ሁለት እንግዳ መጣ። አንዱ ፕሮግራሙ የሚደገፍበት ሌላ ፕሮግራም የለም የሚል ነበር፤ ፈልገው ከዚያው ሲዲ ውስጥ አገኙት፤ እሱ ተፈጭቶ የመጣ ስለነበር ጫኑትና አለፉ። ሁለተኛውም በሰላም ተሸኘ።

ማክሰኞ ሦስተኛው እንግዳ መጣ፤ ይኼኛው ግን የሚሄድ አልሆነም። ፍጨታው ገና ሲጀመር ማሽኑ ሰዓትህን ተመልከት ብሎ ይቆማል። ጋሼ ሙሔ ሰዓቱን ተመለከቱ። ማሽኑ ሦስት ሰዓት ከሃያ ይላል፤ የእጃቸውም ሦስት ከሃያ ነው። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያዩ። ልክ ነው። «ሰዓቱስ ደኅና ነው» ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ሉሁን አጥበው ከመጀመሪያው ተነሱ። ማሽኑ መልሶ ያንኑ አለ። እንደገና አጠቡ።

ረቡዕ ጠዋት የፊርማ መዝገብ ላስፈርማቸው ገባሁ። ሳይላጩ ነው የመጡት። «ነዪ እስቲ ጥሩዬ፣ ይኼን እንግዳ ስሚልኝ» አሉና እየተረጎሙ አነበቡልኝ። «ይኼ ፋይል የተጻፈው ገና ወደፊት በሚመጣ ዘመን ነው ይለኛል። ያልመጣ ዘመን እንዴት ይጻፋል? ወላሂ ሃምሳ ዓመት ኖሬ እንዲህ ያለ እንግዳ አልገጠመኝም።»

እንግዳውን አወቅኩት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ላፕቶፑ የኔ ሳለ የምጽፈው ደብዳቤ ላይ በራሱ የፈረንጅ ቀን እያተመ ስንት ጊዜ አሰድቦኛል። አንድ ቀን ተናደድኩና ሰዓቱን ከፍቼ በኛ ሞላሁት። ሰዓቱን ስድስት ሰዓት፣ ዓመቱን ወደ ሰባት ዓመት ግድም ወደ ኋላ መለስኩት። የካቲት ሠላሳን አላውቅም ሲለኝ፣ ጳጉሜን አላውቅም ሲለኝ፣ በየጊዜው በእጄ እያስተካከልኩ ሐበሻ አደረግኩት። የልብ ልብ ተሰምቶኝ ነበር። ጋሼ ሙሔ ውስጡን ሲያጸዱ ሰዓቱ ከማሽኑ ጋር የሚኖር ነገር ነውና እንዳለ ቀረ። ሲዲው ላይ ያለው ፕሮግራም የተጻፈው በፈረንጅ ዓመት ነው፤ ላፕቶፑ ያለው በኛ። ለዚህ ነው ሁሉ ነገር ካልመጣ ዘመን የመጣ የሚመስለው። የእጅ ሰዓታቸውም፣ ግድግዳውም የኛን ነው የሚቆጥሩት፤ በምን ያውቁት?

ማወቄን ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ኮሪደሩ ላይ «የኮምፒውተር ሴቲንግ የነካ ሠራተኛ በሕግ ይጠየቃል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ መዝገቤን ይዤ ወጣሁ። ያን ቀን ሙሉ ማሽኑ እየቆመ፣ ጋሼ ሙሔ ሉህ እያጠቡ፣ እንድሪስ እየደወለ እኔ ዝም። «እህት ጥሩዬ፣ አንዷ ልጅ እያለቀሰች ነው» ሲለኝ እንኳ «እየተሠራ ነው» አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ጋሼ ሙሔ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ አይቆጡኝ።»

«ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?»

«ሰዓቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። በኛ አቆጣጠር። ትናንት ሲያነቡልኝ ነው የገባኝ፤ ፈርቼ ነው ያልነገርኩዎት።»

ላፕቶፑን አዩ። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያመማቸው መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር፤ ድምፅ በሌለው ሳቅ፣ ዕንባቸው እስኪመጣ።

«ያረቢ! እኔም እኮ ልክ ነው ያልኩት ከግድግዳው ጋር አስተያይቼ ነው። ግድግዳውም የኛ፣ ሰዓቱም የኛ! እንግዳው ፈረንጅ ነው፤ ማን በሱ አቆጣጠር ጠየቀው?» ዕንባቸውን ጠረጉ። «አብሽሪ ጥሩዬ፣ ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ። በይ ሉሁን እንጠብ።»

ሰዓቱን አስተካከሉ፣ ሁሉን አጠፉ፣ ጣታቸውን አነሱ፣ «ቢስሚላህ»። ማሽኑ አልቆመም። መስመሩ ወደ ላይ እየተንከባለለ ሄደ፤ እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ።

ቀትር ላይ ዲኑ ሁለቱን መዛኞች አስከትሎ መጣ። ዲናችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀት ግን ይወዳል። «ሦስት ቀን ምን ሲሠራ ነበር? ጥፋቱ የማን ነው?» አለ፤ መዛኞቹ ፊት ስላፈረ ድምፁ ከፍ ብሏል። እኔ ማኅደር ታቅፌ ከኋላው ቆሜያለሁ። ጋሼ ሙሔ ወደኔ እንኳ አላዩም።

«የኔ ነው» አሉ። «ሰዓቱን በደንብ ሳላጣራ ጀመርኩ።»

«በጽሑፍ ይያዛል» አለ ዲኑ።

አርብ ረፋዱ ላይ ሰርቨሩ ቆመ፤ ማለቴ ሥራ ጀመረ። ሌላ ቢሮ ሄጄ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከፈትኩ። ለኔ የተጻፈ ነው፤ «ጥሩዬ፣ ስንት ሰዓት ነው? ሙሔ» ይላል። ከሳቄ ብዛት ዲኑ ብቅ ብሎ አየኝ። ከዚያ ጋሼ ሙሔ ለእንድሪስ በስልክ፣ ፊደል በፊደል፣ እንዴት እንደሚልክ አስረዱትና ሽርጣቸውን አስተካክለው ወደ ጁምዓ ሄዱ። ዲኑ «አሁን ይኬዳል?» ሲል «እነሱ ጋ መብራት የሚመጣው ስምንት ሰዓት ነው፤ እኔ ብቀመጥ አይፈጥንም» አሉት።

ስምንት ሰዓት አለፈ፤ የለም። ስምንት ተኩል፤ የለም። ዘጠኝ ሊሆን ሲል አንድ ደብዳቤ ገባ። ከዚያ ሌላ። ፎቶዎቹ እዚያው ባትሪ ላይ ባለው ላፕቶፕ ተራ በተራ ተከፈቱ፤ አንዷ ልጅ ዓይኗ ያበጠ ይመስላል፣ የምታለቅሰዋ እሷ ትሆናለች ብዬ ገመትኩ። ጋሼ ሙሔ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ሠላሳ ስምንተኛው ሲገባ አስር ሰዓት ለመሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። መዛኞቹ ሁሉንም መዘገቡ። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ላፕቶፑን በነጠላ ጨርቅ ሸፈኑት።

በሚቀጥለው ሳምንት ዲኑ ጠርቶ ማስጠንቀቂያ አስጻፈኝ። «አቶ መሐመድ ይመር የኮሌጁን አስቸኳይ ሥራ በግል ቸልተኝነት ለሦስት ቀን በማዘግየታቸው...» እሱ ይላል፣ እኔ እተይባለሁ። አንድ ፊደል አልሳትኩም፤ ይኼ ነው ዛሬም የሚያሳፍረኝ። አትሜ፣ ማኅተም መትቼ፣ ራሴ ወስጄ ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት፤ እንደ መመሪያው ከዳር እስከ ዳር። ሲፈርሙ «ፊደልሽ ያምራል ጥሩዬ። አንድ ግድፈት የለውም» አሉኝ። ምጸት እንዳይመስላችሁ፤ ጋሼ ሙሔ ምጸት አያውቁም።

ያቺ ወረቀት ዋዛ አልነበረችም። በዓመቱ ለጥገና ክፍል ኃላፊነት ሲወዳደሩ ነጥብ አስቀነሰችባቸው፤ ቦታውን እሳቸው ያስተማሩት ሰው ወሰደው። ያኔ ሄጄ «ለዲኑ እውነቱን ልንገረው» አልኳቸው። «አውፍ ብያለሁ እኮ፤ ያለፈን ነገር አታንሺው» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተውኩት። ይቅርታ ሲሰጡት ቶሎ የሚቀበል ሰው ነኝ። እሳቸው አውፍ ብለዋል፤ ማኅደራቸው ግን አላለም።

እና በቀብራቸው ቀን ግቢያቸው ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ፣ አስከሬኑ ሊወጣ ሲል አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጀመዓ! በሙሔ ላይ ሐቅ ያላችሁ ተናገሩ፤ የበደላችሁ ነገር ካለ አውፍ በሉት» አሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «አውፍ ብለናል» አለ። ሐቅ ያለው ማን ላይ ሆነና ነው እኔ አውፍ የምለው?

ሰው ሲቀንስ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። «አንቺ ነሽ አይደል ጥሩዬ?» አሉኝ። «ያን ጊዜ የሰዓቱን ችግር ያገኘሽለት። ስንት ጊዜ አጫወተኝ መሰለሽ፤ እሷ ባትኖር ልጆቹ ይቀሩ ነበር ይለኝ ነበር።» ተነስተው ገቡና ደብተሩን ይዘው ወጡ። «ይኼ የሥራው ነው፤ ለኮሌጁ ስጪልኝ።»

ቢሮዬ ገብቼ ያን ሳምንት ፈለግኩ። እንግሊዝኛው ፊደል በፊደል ተገልብጧል። ከሥሩ በዚያ ዝግ ባለ ጽሕፈታቸው እንዲህ ይላል፦

«ከየት መጣ፦ ከሰዓት። ማን አስገባው፦ ሙሔ። ማን ሸኘው፦ ጥሩወርቅ።»

ለማንም በማያሳዩት፣ ለራሳቸው ብቻ በሚጽፉት ደብተር ላይ እንኳ አላጋለጡኝም።

እስክሪብቶ አንስቼ ከጎኑ «ያስገባችው ጥሩወርቅ ናት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በሙያዬ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ። ለኮሌጁ ዲን። ጉዳዩ፦ በአቶ መሐመድ ይመር ማኅደር ውስጥ ያለው ማስጠንቀቂያ እንዲነሳ ስለመጠየቅ። የሆነውን ሁሉ፣ የረቡዑን ዝምታዬን ጭምር፣ አሰፈርኩ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍኩ። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ ቆይቷል፤ እኔ ግን የላክሁት በሳቸው ሰርቨር ነው። ቁልፉን ተጫንኩና እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

ዲኑ በማግሥቱ ጠራኝ። ከዚያ ማኅደሩን አስመጥቶ ያቺን ወረቀት በገዛ እጁ አወጣት። ቀጥሎም የራሴን ማስጠንቀቂያ እንድጽፍ አዘዘኝ፤ ወረቀት ይወዳል ብያለሁ። እሱ አለ፣ እኔ ተየብኩ። አንድ ግድፈት የለውም።

ያን ደብዳቤ በላክሁ ጊዜ፣ ከታች፣ እኛ ጸሐፊዎች እንደምናደርገው፣ «ግልባጭ፦ ለአቶ መሐመድ ይመር» ብዬበት ነበር። ሰርቨሩ ላይ ያለ የደብዳቤ ሳጥናቸውን ማንም አልዘጋውም። ለዲኑ የሄደው ተከፍቶ ተነቧል፤ የሳቸው እንደገባ አለ። ደብዳቤ ተቀባዩ እስኪመጣ ይጠብቃል ብለዋል፤ ይጠብቅ።